መንገዱን ማን ሣለው? ለማንስ ሣለው?

ክቡራን አባቶች፣ ክቡራት እናቶች፣ ሼሆችና ቀሳውስት፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከመርሳና ከስሪንቃ፣ ከጊራናና ከውርጌሳ ድረስ የመጣችሁ ወገኖቼ፤

የአካባቢያችንን ታሪክ የሚመለከት አንድ ርእስ መርጬ እንድመጣ ነበር ጥሪያችሁ። ወልድያ ላይ ቆሞ ስለ ታሪክ የሚናገር ሰው ርእስ አይቸግረውም። የየጁ መሳፍንት ጎንደር ገብተው እንደራሴ እየሆኑ አገር ያስተዳደሩት ከዚህ ወጥተው ነው። እኔ ግን የመሳፍንቱን ታሪክ ለባለሙያዎቹ ትቼ ስለ ረገጡት መንገድ ልናገር ወድጃለሁ። በተለይም መንገድ ወረቀት ላይ ወጥቶ ካርታ ሲሆን ምን እንደሚያተርፍ፣ ምንስ እንደሚያጎድል እንድናይ እፈልጋለሁ።

ወልድያ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ደቡብ ስሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ እያለ ደሴ ያደርሳል። ወደ ሰሜን ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ አላማጣ ነው። ወደ ምዕራብ በሳንቃና በድልብ በኩል ዳገቱን ወጥቶ ጋሸና ላይ ለላሊበላና ለደብረ ታቦር ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ በሐራና በጭፍራ አድርጎ ሚሌ ይወርዳል። አሁን እነዚህን ስሞች ስጠራ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ቀድማችሁ በልባችሁ ስትጠሯቸው ነበር። ያ በልባችሁ ያለው ዝርዝር ራሱ ካርታ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ስለ እሱ ነው።

ሁለት ጥያቄዎች ደጋግሜ አነሣለሁ፤ እባካችሁ አብራችሁኝ ያዟቸው። ይህን ካርታ ማን ሠራው? ለማን ሠራው?

በመጀመሪያ ወረቀት ላይ ካልነበረው ካርታ ልጀምር።

ሲራራ ነጋዴ ከአፋር የጨው ሜዳ የወጣውን አሞሌ ጨው በአህያና በበቅሎ ጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ካርታ በእጁ አልያዘም። መንገዱን ግን አይስትም ነበር። ለእሱ መንገድ ማለት በቅደም ተከተል የተያዙ ስሞች ናቸው። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ደራሽ እንደሚያመጣ፣ ለከብቱ ሣር የት እንደሚገኝ፣ ኬላው የት እንደሆነና ኬለኛው ስንት እንደሚቀበል፣ የት ሰፍሮ ማደር እንዳለበትና የት ማደር እንደሌለበት ያውቃል። ርቀቱን የሚለካው በቀን መንገድ ነው። ይህ መለኪያ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ከድልብ ሥር ያለውን ዳገት ለወጣ ሰው ኪሎ ሜትር ብዙ ነገር አይነግረውም፤ የግማሽ ቀን ዳገት መሆኑ ግን ሁሉን ይነግረዋል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.አ.አ. በ1520 በአንጎት በኩል ሲያልፍ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቷል፤ ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድም ጽፏል። በየገበያው የነበረው የአሞሌ ዋጋ ራሱ ርቀትን ይናገር ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለው የቃል ካርታ በአንድ አጋጣሚ ወረቀት ላይ ወርዷል። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በእግራቸው የወጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አንዳንዶቹ እስከ ኢጣልያ ይዘልቁ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኩሴ ግዙፍ የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ የአበሻን አገር ከተሞች፣ ወንዞችና ተራሮች የዚያው አገር ሰዎች በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት እዚያው ካርታው ላይ ጽፎ ትቷል። በገዛ እጃቸው! ስማቸውን ግን አልጻፈልንም። ከዚያ በኋላ እ.አ.አ. ከ1519 እስከ 1524 ባለው ጊዜ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ሌላ የቬኒስ ሰው መነኮሳቱን እያስቀመጠ፣ ከየት ተነሥተው በየት እንዳለፉ፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስንት ቀን እንደፈጀባቸው እየጠየቀ መዘገበ። መዝገቡም እ.አ.አ. በ1958 በእንግሊዛዊው ክራውፎርድ አዘጋጅነት በመጽሐፍ ወጥቷል። ሳነበው የገረመኝ ነገር ቢኖር የአነጋገሩ ቅርበት ነው። ከዚህ እዚያ ይህን ያህል ቀን፣ መሐል ላይ ወንዝ አለ፣ እዚያ ትልቅ ገበያ ይቆማል። ዛሬ መናኸሪያ ላይ መንገድ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከእኛው ከወሎ ምድር ስሙ የተረፈ አንድ ሰውም አለ፤ አባ ጎርጎርዮስ። የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ያ አገር ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው ነው። እ.አ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ድረስ ሄደው ስለ አገራቸው ቋንቋ፣ ስለ አውራጃዎቹና ስለ ወንዞቹ አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1683 ያወጣው የኢትዮጵያ ካርታ ለረጅም ጊዜ አውሮፓውያን የሚተማመኑበት ካርታ ሆነ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ካርታውን አላዩትም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ መርከባቸው ሰጥሞ ሞተዋል። ማን ሠራው ብለን ከጠየቅን የካርታው ግማሽ የእኛ ሰው ሥራ ነው። ለማን ተሠራ ብለን ከጠየቅን ግን ለእኛ አልነበረም።

ሁለተኛውን ነጥቤን ለመናገር ከአገራችን ወጥቼ አሜሪካ ልሂድ። ሩቅ መሄዴ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

እ.አ.አ. በ1789፣ አሜሪካ ነጻ ወጥታ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት በሆነበት ዓመት፣ ክሪስቶፈር ኮልስ የተባለ ከአየርላንድ የሄደ መሐንዲስ ኒው ዮርክ ላይ የመንገድ ካርታ ማሳተም ጀመረ። የዚያ አገር የመጀመሪያው የመንገድ መጽሐፍ ይኸው ነው። ከአልባኒ ተነሥቶ እስከ ቨርጂኒያ ድረስ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ በ83 የመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ ታተመ። ርቀቱ የተለካው በእጅ እየተገፋ በሚሽከረከርና ዙሩን በሚቆጥር ጎማ ነበር።

ከገጾቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። አገሩ በሙሉ አይታይም። ገጹ እንደ ሪባን ቁልቁል በተዘረጉ ጠባብ ዓምዶች ተከፍሏል፤ በእያንዳንዱ ዓምድ መሐል መንገዱ ብቻ አለ። ተጓዡ ከታች ይጀምርና ወደ ላይ እያነበበ ይሄዳል፤ አንዱ ዓምድ ሲያልቅ ወደ ሚቀጥለው ይሻገራል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ ይህ ወፍጮ ነው፣ ይህ ድልድይ ነው፣ ይህ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ነው፣ ይህ ማደሪያ ነው፣ ይህ ወህኒ ቤት ነው። ለቤተ ክርስቲያን እንኳ አንድ ምልክት አልበቃውም፤ የኤጲስቆጶሳውያኑን ከፕሬስቢቴሪያኑ ለይቶ ያሳያል። አንዳንድ ቤት አጠገብ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ከመንገዱ ራቅ ያለው አገር ግን ባዶ ወረቀት ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ ምን ያስታውሳችኋል? የሲራራ ነጋዴያችን ካርታ ይኸው አይደለም ወይ? ስሞች በቅደም ተከተል፤ ውኃ የት፣ ማደሪያ የት፣ ፈረስ የሚያጫማ የት። ልዩነቱ የእነሱ መዳብ ላይ መቀረጹና የእኛ በአፍ መቅረቱ ነው። የኮልስ ሥራ በገንዘብ አልተሳካም፤ መዋጮ ከፍለው የሚገዙ ሰዎች ስላነሱ በ1792 ተቋረጠ። ሉሆቹ ግን ዛሬም አሉ፤ የአንድ መንደር ቀጥቃጭ ቤት በ1789 የት ቆሞ እንደነበር የዚያ መንደር ልጅ ከፍቶ ማየት ይችላል። የእኛው የሀብሩ ልጅ በዚያው ዘመን እዚህ የነበረውን ወፍጮ ወይም ገበያ በምን ያያል?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሦስተኛ ደረጃ የማነሣው በምድራችን ያለፉ ሰዎች የሠሯቸውን ካርታዎች ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ ይቅር በሉኝ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ጋፋት ላይ ያስፈሰሱት ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ አብሯቸው ነበር። መድፉ እንዲያልፍ መንገድ መሠራት ነበረበት። በቤተ ሖር በኩል መጥተው የጅጣን ገደል ወርደው፣ ደላንታን ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው እስኪደርሱ ወራት ፈጀባቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ሠራዊቱን ያሠሩ እንደነበር በዓይናቸው ያዩ የውጭ ሰዎች መስክረዋል። በዚያው ጊዜ የእንግሊዝ ጦር፣ 13,000 የሚሆን ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ፣ ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በአዲግራት፣ በአንጣሎና በአሸንጌ አድርጎ በላስታና በዋድላ በኩል እየመጣ ነበር። ቀያሾች አብረውት ነበሩ፤ በየሰፈሩበት ይለኩ ነበር። ከለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የተላከው ክሌመንትስ ማርካምም አብሮ ነበረ፤ በኋላም የዘመቻውን ታሪክ ጽፏል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እንግሊዞቹ የጅጣን ገደል የወረዱት ቴዎድሮስ ባሠሩት መንገድ ነው። መንገዱን የሠራው የእኛ ሰው፣ በእጁና በዶማው ነው። ካርታውን የሠራው ደግሞ ንጉሡን ሊወጋ የመጣው ጦር ነው። የዚያ ዘመቻ ካርታ ለንደን ላይ በሚገባ ተቀምጧል። መንገዱን የቆፈሩት ሰዎች ስለዚያው መንገድ የጻፉት አንድ ወረቀት ግን እጃችን ላይ የለም። ማን ሠራው? ለማን ሠራው? የሚለው ጥያቄ ከዚህ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ አላውቅም።

ከዚህ ወደ ደሴ ስትወርዱ መርሳንና ውርጌሳን አልፋችሁ የምታገኟት ውጫሌም በካርታ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። የአንቀጽ 17ን ጠብ ሁላችሁም ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ አልደግመውም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከውሉ ቀጥሎ የሆነው ነው። አውሮፓ ውስጥ የሚታተሙ ካርታዎች ኢትዮጵያን የኢጣልያ ግዛት አድርገው ቀለም ቀቧት። አንድም ጥይት ሳይተኮስ አገሪቱ ወረቀት ላይ ተያዘች። ያን ቀለም ያስፋቀው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የሆነው ነው። ዐፄ ምኒልክ ለዚያ ዘመቻ ሠራዊታቸውን ሲጠሩ ካርታ አላደሉም፤ ወረኢሉ፣ አሸንጌ፣ መቀሌ ብለው መክተቻዎቹን ሰየሙ፤ ሰዉም መንገዱን ያውቀው ስለነበር በየአቅጣጫው እየገሰገሰ ደረሰ። የመንገድ ዕውቀት በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ሲኖር ምን ያህል ኃይል እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ኢጣልያ ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ በዚሁ በእኛ መስመር ነው የወረደችው። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ገባች። ከዚያ በኋላ በአምስቱ ዓመት ከአስመራ አዲስ አበባ የሚያደርሰውን፣ ዛሬም ወልድያንና መርሳን አቋርጦ የሚያልፈውን መንገድ አሠራች። ጣርማ በር ላይ ተራራውን ፈልፍሎ የሚያልፈው ዋሻም የዚሁ መንገድ አካል ነው። እ.አ.አ. በ1938 የኢጣልያ የቱሪስት ማኅበር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ አንድ ወፍራም የመንገድ መጽሐፍ አወጣ። መንገዶቹን በኪሎ ሜትር እየከፋፈለ፣ ድልድዩን፣ ነዳጁን፣ ማደሪያውን ይናገራል። ሥራው የተጣራ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን መጽሐፉ የሚያናግረው መኪና የሚነዳውን ኢጣልያዊ ነው። በመንገዱ ዳር ማሽላውን እየጠበቀ የሚያየውን የየጁን ገበሬ አያናግርም።

ከነጻነት በኋላ ያለውን በአጭሩ ላልፍ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ከዓለም ባንክ ብድር፣ ከአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች ደግሞ እገዛ ነበረው። እ.አ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጦር ቀያሾች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በአውሮፕላን ፎቶግራፍ እየታገዙ የአገሪቱን ካርታ ለመሥራት ደክመዋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1962 እ.አ.አ. ያወጡትን የኢትዮጵያ አትላስ በተለየ አክብሮት አነሣለሁ፤ የዚህ አገር ልጅ ለዚህ አገር አንባቢ ያዘጋጀው ስለሆነ። ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘውን፣ ሰዉ የቻይና መንገድ የሚለውን ደግሞ ቻይናውያን ሠርተው በደርግ ዘመን ተጠናቀቀ። በቅርቡ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር መስመር ተዘርግቷል፤ በሰሜኑ ጦርነትም ተጎድቷል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ንድፍና የራሱ ካርታ ነበረው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ካርታ የሚቀረው ማነው? ልቤን የሚነካው ጥያቄ ይህ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጊዜ ሰዉ ከየቀበሌው ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። ከመካከላችሁ የምታስታውሱት አላችሁ። ከደሴ እስከ ቆቦና ኮረም ድረስ በመንገዱ ዳር ተሰለፈ፤ መኪና እያስቆመ እህል ለመነ። መጠለያዎቹም የቆሙት በዚሁ መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ያሳየው ፊልም የተነሣውም በዚሁ መስመር ነው። በ1977ም ኮረም ላይ እንዲሁ ሆነ። ረሃቡ የታየው መንገድ ዳር ሲደርስ ነው። መንገድ ዳር ሳይደርስ በየጎጡ የቀረውን ማን አየው? ካርታው ላይ መስመር ያልደረሰው ሰው ለመንግሥትም ለዓለምም አልታየም። ሞቱ እንኳ አልተቆጠረም። ካርታ ለምን ይጨንቅሃል የሚለኝ ሰው ካለ መልሴ ይኸው ነው።

በ2014ቱ የሰሜን ጦርነት ደግሞ የተገላቢጦሹን አይታችኋል። አስፋልቱ የጦር መንገድ ሲሆን ሰዉ ሕፃናቱን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ የወጣው በእግር መንገድ ነው። ያንን የእግር መንገድ ማንም ካርታ አልነገራችሁም፤ የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ናቸው የመሩት። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ስለምታውቁት ከዚህ አልጨምርም።

አሁን ስለ ውኃ ልናገር። ኮልስን ያነሣሁበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ኮልስ የመንገዱን ካርታ ከማሳተሙ አራት ዓመት በፊት፣ እ.አ.አ. በ1785፣ የሀድሰንን ወንዝ ከታላላቆቹ ሐይቆች ጋር ለማገናኘት የሞሆክን ወንዝ ለጀልባ ማመቻቸት ይቻላል የሚል ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሰሚ አላገኘም፤ በ1816 ሞተ። በዓመቱ፣ በ1817፣ የኢሪ ቦይ ቁፋሮ ተጀመረ። በ1825 ሲያልቅ 584 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ አብዛኛው በሰው ጉልበትና በከብት ኃይል የተቆፈረ ነው። አንድ ቶን ዕቃ ከቡፋሎ ኒው ዮርክ ለማድረስ 100 ዶላር ገደማ ይፈጅ የነበረው ወደ 10 ዶላር ወረደ። ኒው ዮርክ ዛሬ የምናውቃትን ኒው ዮርክ ከሆነችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ቦይ ነው።

የእኛ ወንዞች እንዲህ አይደሉም። መርከብ የተመላለሰበት ወንዛችን ባሮ ነው፤ በክረምት ከካርቱም ጋምቤላ ድረስ መርከብ ይመጣ ነበር። የዚህ አካባቢ ወንዞች ከደጋው ተወርውረው በሸለቆው አድርገው ወደ አፋር ቆላ ይወርዳሉ። በጀልባ አይሄድባቸውም። እኛ በእነሱ የምንጓዘው በቦይ ነው፤ ውኃውን ወደ ማሳ እንመራዋለን። የመርሳ ብርቱካንና ፓፓያ የዚህ ጉዞ ፍሬ ነው።

የባህላዊ ቦይ አሠራርን ያየ ያውቀዋል። ወንዙ በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በጭቃ ይጠለፋል። ክረምት ደራሽ ሲወስደው እንደገና ይሠራል፤ በቦዩ የሚጠቀም ሁሉ ለሥራው ይወጣል። ከጠለፋው ዋናው ቦይ ይነሣል፣ ከዋናው ወደየማሳው የሚያስገቡ ትንንሽ ቦዮች ይከፈላሉ። ተራ የደረሰው ሰው የአፈሩን ግድብ በዶማ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገምሰዋል፤ ውኃውም አቧራውንና ደረቁን ቅጠል እየገፋ ይገባል። ሰዓቱ ሲደርስ መልሶ ይደፍነዋል። የማን ተራ እንደሆነ፣ ሌሊት ማን እንደሚያጠጣ፣ የተጣላውን ማን እንደሚያስታርቅ የሚያውቀው የውኃ አባት ነው። ራስጌ ያለው ብዙ ከወሰደ ግርጌ ያለው ማሳ ይደርቃል፤ ጠቡም የሚነሣው ከዚያ ነው። የውኃ አባቱ ይህን ሁሉ የሚይዘው በቃሉ ነው። የእያንዳንዱ ቦይ መነሻ፣ መከፈያ፣ የባለ ተራው ስምና ሰዓት በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ አለ።

ከቆቦ እስከ ጊራና ያለው ሸለቆ የመስኖ ልማት ሲታቀድለት ብዙ ዘመኑ ነው። መሐንዲስ ሲመጣ የራሱን ንድፍ ይዞ ይመጣል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ያለ ንድፍ ግድብ አይሠራም። ነገር ግን ነባሩ ቦይ በምንም ወረቀት ላይ ከሌለ መሐንዲሱ አገሩን ባዶ አድርጎ ያየዋል። አዲሱ የሲሚንቶ ቦይ የነባሩን ተራ ቆርጦ ሲያልፍ ግርጌ ያለው ገበሬ ቅሬታውን በምን ያስረዳል? በቃል ብቻ። ቃል ደግሞ ወረቀት ፊት ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። የውኃ አባቱ ቦይ ከመሐንዲሱ ንድፍ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ ደርሻለሁ። ይህ ከእናንተ የምጠይቀው ነገር ነው።

የየጁን፣ የሀብሩን መንገድና ቦይ እናንተ እንድትሥሉት እፈልጋለሁ። ትልቅ በጀት አያስፈልገውም። የኮልስን አሠራር ውሰዱ፤ አገሩን በሙሉ አንድ ጊዜ ለመሣል አትሞክሩ። አንድ መንገድ ምረጡ፣ በአንድ ጠባብ ወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ ሣሉት። ተማሪዎች ስልክ አላችሁ፤ ማንም ሰው በነጻ የሚጨምርበት ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል የዓለም ካርታ አለ፤ ኢንተርኔት ሳይኖር ሜዳ ላይ መዝግቦ ቤት ገብቶ መጫን ይቻላል። ስልኩ ቦታውን ይነግራችኋል። ስሙን ግን አይነግራችሁም፤ ስሙን የምታገኙት ከሽማግሌዎች ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሁናችሁ ውጡ፤ አንድ ተማሪ ከአንድ ሽማግሌ ጋር።

ምን ትመዘግባላችሁ? ምንጩን፣ በበጋ የሚደርቀውን ካልደረቀው ለይታችሁ። የወንዙን መሻገሪያ፣ ክረምት የሚዘጋውንና የማይዘጋውን። መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የመቃብር ቦታውን። ሽማግሌ የሚቀመጥበትን ዋርካ። ወፍጮውን። የድሮ ገበያ ይቆምበት የነበረውን ሜዳ፣ ዛሬ ቤት ቢሠራበትም። የወንዙን ስም ላይ ያለው ሰው አንድ ብሎ ቢጠራው፣ ታች ያለው ሌላ ብሎ ቢጠራው ሁለቱንም ጻፉ፤ ዳኛ አትሁኑ። የቦዩን ጠለፋ፣ መከፈያውንና የተራውን ሥርዓት በተለየ ወረቀት ያዙት። በእያንዳንዱ ሉህ ግርጌ ደግሞ ማን እንደነገራችሁና በየትኛው ዓመት እንደሣላችሁት አስፍሩ፤ ለፍራ ማውሮ ካርታ እንደሣሉት እንደነዚያ መነኮሳት ስማቸው ጠፍቶ እንዳይቀር።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሁሉም ነገር ወደ ኢንተርኔት መውጣት የለበትም። በጦርነቱ ሰው የተሸሸገባቸው ዋሻዎችና የወጣባቸው ጥግ መንገዶች የመንደሩ ምስጢር ሆነው ቢቆዩ ይሻላል። የቱ ይውጣ የቱ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ስልክ የያዘው ወጣት አይሁን፤ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ይወስን። ከሠራችሁ በኋላ አንዱን ቅጂ በየቀበሌው፣ አንዱን በየትምህርት ቤቱ አስቀምጡ። መሐንዲስ ሲመጣ፣ ቀያሽ ሲመጣ፣ እርዳታ ሊያደርስ የመጣ ሰው በየት ልግባ ሲላችሁ የምትዘረጉት ወረቀት ይኑራችሁ።

የመጀመሪያው ሉህ ከመርሳ በስሪንቃ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው ቢሆን ደስ ይለኛል። አጭር ነው፣ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ይጠናቀቃል፤ ከሁለቱም ከተማ ተማሪ ይገኝለታል። ሁለተኛው ከመርሳ ወንዝ ከተጠለፉት ቦዮች አንዱ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ።

አሁን መድረኩን ልልቀቅላችሁ። የጥያቄው ሰዓት የእናንተ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልጠይቅ። ከመርሳ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ አህያ እየነዳችሁ አስፋልቱን ሳትረግጡ ወደ ወልድያ ገበያ ስትመጡ በየት በየት በኩል ነው የምትወጡት? ወንዞቹን የምትሻገሩትስ የት የት ላይ ነው? ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እስክሪብቷችሁን አውጡ፤ ስሞቹን በቅደም ተከተል ጻፉ።